አጎበር የለበሰች ዘንባባ

ደመላሽ ሆቴሉን «ዘንባባ ሆቴል» ብሎ የሰየመው በጎረቤቱ ዘንባባ ቀንቶ ነው የሚሉ አሉ። የዘንባባዋ ባለቤት ቲቸር የብርጓል ግን ቅናት እንኳ የራስ ሐሳብ ይፈልጋል ባይ ናት። ደመላሽን በአምስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማረችው እሷ ናት። ያኔም ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ ነበር የሚገለብጠው፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶም የገለበጠው ከጎኑ ካለው ነው። ያኔ በእርሳስ ነበር፣ አሁን በመብራት ሆነ እንጂ።

ጠቡ የጀመረው ማስታወቂያው የተሰቀለ ዕለት ነው። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በኩል ለሚመጣ ሰው፣ በቲቸር የብርጓል አጥር ውስጥ የቆመችው እውነተኛዋ ዘንባባ የጽሑፉን ግማሽ ጋርዳው «ባባ ሆቴል» ብቻ ነበር የሚነበበው። የባጃጅ ሾፌሮች ስሙን ለመዱት። ተሳፋሪ «ዘንባባ ሆቴል» ሲላቸው «አላውቀውም» ይሉና፣ «ባባ» ሲላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደርሱታል። ደመላሽ ቅርንጫፎቿ ይከርከሙልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ «ዛፏ እሱ ሱሪውን መታጠቅ ሳያውቅ የቆመች ናት» የሚል መልስ ይዘው ተመለሱ። በአራተኛው ሽማግሌ መላኩን ተወና የጀነሬተሩን ጭስ ማውጫ ወደ ቲቸር የብርጓል መስኮት አዞረው። ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

ቲቸር የብርጓል አንዲት ቅጠል የማታስነካበት ምክንያት እልህ ብቻ አልነበረም። ልጇ ድረስ በሰባት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ሐኪሞቹ ዓይን ዓይኗን ማየት በፈሩ ጊዜ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ቆማ ስለት ተስላ ነበር፦ ልጄ ከተረፈልኝ፣ ከደጄ ያለችው ዘንባባ እስከቆመች ድረስ የደብሩ የሆሳዕና ዘንባባ ከእኔ ቤት ይሄዳል። ልጁ ተረፈ። ዛሬ ባሕር ዳር የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ለሰው ሁሉ ድንገተኛ ሞት እንዳለ ሲያስታውስ ይውልና እናቱ መኖሯን የሚያስታውሰው በወር አንዴ ነው። ያም ሆኖ ስለት ስለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አላጓደለችም። ቅጠል ከአየር ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚመልስ ለስንት ትውልድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሳለች ያስተማረችው ሴትዮ፣ በሆዷ ግን ድረስ የሚተነፍሰው በዚያች ዛፍ ነው ብላ ታምን ነበር። ይህንን ለማንም አልነገረችም። ሰፈሩ ግን ሁሉ ያውቃል።

በጥር መጨረሻ ደመላሽ ስምንት ዘንባባ በአይሱዙ አስጭኖ ከአዲስ አበባ አስመጣ። እንደ ሀገሩ ዘንባባ ቅጠላቸው ላባ የመሰለ አልነበረም፤ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ሲያዩት ሙቀት ባይኖርም ሙቀት የሚያሰኝ ነበር። በትልልቅ የሲሚንቶ ማሰሮ አስተክሎ በሆቴሉ ግንብ ሥር ደረደራቸው። የውጭ ዝርያ ናቸው እያለ ለእንግዳው ሁሉ አስጎበኘ። የቲቸር የብርጓልን ዛፍ በአገጩ እየጠቆመ «ያቺ የሀገር ቤቷ ናት» ይል እንደነበር ነግረዋታል።

በመጋቢት መግቢያ አንድ ረፋድ ላይ ልብስ ስታሰጣ፣ ጥቁር ቡናማ የሆነ፣ መዳፍ የሚያህል ቢራቢሮ ከግንቡ ማዶ ተነሥቶ በራሷ ላይ ሲያልፍ አየች። ክንፉን ሲገልጠው የታችኛው ክንፍ እንደ ፍም ቀላ። «እንዴት ያምራል» አለች። በኋላ ይህን ቃሏን እያስታወሰች ምላሷን ትነክስ ነበር።

የእህቷ ልጅ ሕሊና በዩኒቨርሲቲ የሰብል ጥበቃ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ልትጠይቃት መጥታ ስለ ቡናማው ቢራቢሮ ስትሰማ የያዘችውን ቆሎ ወደ ሰሃኑ መለሰችው። በግንቡ ላይ አሻግራ አየችና የደመላሽን ማራገቢያዎች አንድ በአንድ በዓይኗ ለቀመቻቸው። አዲስ በተዘረጋው ቅጠል ሁሉ ላይ፣ ልጆች ወረቀት አጥፈው በመቀስ ሲቀዱት እንደሚሆነው፣ በመስመር የተደረደረ ቀዳዳ ነበር። ትሉ ቅጠሉ ገና ታጥፎ ሳለ በስቶ ያልፍና ቅጠሉ ሲዘረጋ ጥልፍ መስሎ ይወጣል። ሕሊና ነገሩን ለአክስቷ ስታስረዳ ቲቸር የብርጓል ደብተር አምጥታ ጻፈች። ቢራቢሮ ሳይሆን የእሳት እራት ናት፤ ግን በቀን ነው የምትበርረው፣ እሳትም አትወድም። ዕንቁላሏን በዘንባባ ልብ አጠገብ ትጥላለች፤ በተለይ ቅጠል ተቆርጦ ቁስሉ ሳይደርቅ ሽታው ይጠራታል። ትሉ ልቡን እየበላ ይወርዳል፤ ልቧ የተበላ ዘንባባ ደግሞ ሌላ ልብ አታወጣም። ሲጠግብ ከዘንባባው ቃጫ ጋቢ ሠርቶ ይጠቀለልና በቅጠሉ አንጓ ሥር ይተኛል፤ ሰው አጠገቡ ቆሞ አያየውም። ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። የማስመር ልማድ ነበራት።

የእሷ ዛፍ ገና አልተነካችም። ሕሊና በማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥታ እያገላበጠች አየቻት። የደመላሽ ዘንባባዎች ግን ስምንቱም በትሉ ተወርረዋል፤ ነቅሎ ማቃጠል ነው መፍትሔው። ሕሊና በጨዋ ደንብ ሄዳ ነገረችው። ደመላሽ እስከ መጨረሻው አዳመጣትና፣ ይህን ታሪክ የጻፈችው አክስትሽ ናት፣ የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ ብሎ መለሳት።

ቲቸር የብርጓል ወደ መንግሥት ሄደች። የመጀመሪያው ቢሮ ዘንባባ ሰብል አይደለም፣ ስንዴ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እንነሣ ነበር አላት። ሁለተኛው ቢሮ እኛ የከተማ ውበት ነን፣ ትል ውበት አይደለም አላት። ሦስተኛው ቢሮ ምንም አላለም፤ ቅጽ ሰጣት። ቅጹ የተጎጂውን ስም፣ ዕድሜና የእናት ስም ይጠይቃል። ተጎጂ በሚለው ላይ «ዘንባባ»፣ ዕድሜ ላይ «አርባ አንድ»፣ የእናት ስም በሚለው ላይ የራሷን ስም ሞልታ ፈርማ አስገባች። በሳምንቱ ስትመለስ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው አሏት።

ሂደቱ እስኪያልቅ ትሉ እንደማይጠብቅ ስለገባት ከሕሊና ጋር መከረች። ሕሊና በሰው አገር ዛፏን በመረብ ይሸፍኗታል አለች። መረብ ከየት ይምጣ? ከዓባይ በረሃ ያሉ የባሏ ዘመዶች ለወባ የታደላቸውን አጎበር በየዓመቱ ከማር ጋር ይልኩላት ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ብርድ እንጂ ወባ የለም ብትላቸውም እንቢ ብለው። ስድስት አጎበር ከሣጥን ወጣ። የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዋን ቢከረክራት ሁሉንም በኦሞ ዘፍዝፋ፣ ደጋግማ አሽታ፣ በፀሐይ አሰጣቻቸው። ሽታው ጠፋ፤ ከሽታው ጋር ምን እንደጠፋ ግን ለሕሊና አልነገረቻትም። ከዚያ አንዱን ካንዱ ሰፋችው።

ዛፏ ላይ ለመድረስ መሰላል ያስፈልግ ነበር። በመንገዱ ላይ ያን ያህል የሚረዝም መሰላል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማስታወቂያውን የሰቀለበት፣ የብረቱ፣ የደመላሽ መሰላል። ቲቸር የብርጓል እሱን ከመለመን አጎበሩን በረጅም ቀርከሃ ላይ አንጠልጥላ ከማድ ቤት ጣሪያ ላይ መወርወር መረጠች። ሕሊና ሱሪ ታጥቃ ቆርቆሮው ላይ ወጣች፤ አክስት ከሥር «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ነው ያልኩሽ» እያለች። በስድስተኛው ሙከራ ነጩ አጎበር በዘንባባዋ ራስ ላይ ወርዶ እስከ ግንዷ ግርጌ ተዘረጋ። ቲቸር የብርጓል ከታች በገመድ ቋጠረችው።

ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ደመላሽ በረንዳው ላይ ቆሞ ለእንግዶቹ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ የምትድረው ልጅ ስታጣ ዛፏን ትድራለች፣ ሙሽራው ማን እንደሆነ አልሰማንም አለ። ሳቁ ግንቡን ተሻግሮ መጣ። እሱን ግን ሳቁ አልበቃውም፤ ለወባ የታደለ ንብረት ያለአግባብ ዋለ ብሎ አመለከተ። ከጤና ጣቢያው አንዲት ወጣት ባለሙያ መዝገብ ይዛ መጣች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ዛፏን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ዘንባባዋ ወባ ይዟት ነው?»

«አልያዛትም። ከመያዟ በፊት ነው የምንከላከለው፤ እናንተው ናችሁ በሬዲዮ የምትሉት።»

ባለሙያዋ ብዕሯን አኝካ አኝካ በመዝገቡ ላይ «ተጠቃሚ፦ አንድ» ብላ ጻፈችና ሄደች።

ሆሳዕና እየቀረበ መጣ። እዚህ ላይ የቲቸር የብርጓል እንቅልፍ ጠፋ። ዘንባባዋን ለደብሩ ብትቆርጥ፣ በአርባ ቁስል ከግንቡ ማዶ ያሉትን እራቶች ሁሉ መጥራቷ ነው፤ አጎበሩ ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ አንዷ ከገባች አበቃ። ባትቆርጥ ደግሞ ስለቷን በላች። ሃያ ሦስት ዓመት የሰጠችው አይቆጠርላትም፤ ሰው የሚቆጥረው ያላደረግኸውን ነው። ድረስን በስልክ ደውላ ጤንነቱን ጠየቀችው። ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል አላት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ዓርብ ጠዋት መላ መጣላት፤ መላውም ከሰማይ የመጣ አይመስልም ነበር።

ደብሩ ሄዳ መሪጌታውን አገኘቻቸው። የኔታ ገብረ ኪዳን በክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ሐሰት ከአፏ ሰምተው አያውቁም። የእሷ ዛፍ ዘንድሮ ስለታመመች አንዲት ቅጠል ብቻ እንደምታመጣ ነገረቻቸው፤ አንድም ቢሆን ከደጇ ነውና ስለቷ አልጎደለም። ለሕዝቡ የሚበቃውን ግን ጎረቤቷ አቶ ደመላሽ ሊሰጡ ልባቸው ተነሥቷል አለች። ስምንቱንም። እስከ ዛፎቹ ልብ ድረስ። ነገር ግን ሰውየው ቀኝ እጃቸው የሰጠችውን ግራ እጃቸው እንድታውቅ የማይፈልጉ ትሑት ናቸውና፣ ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው አላልኩም ብለው መካዳቸው አይቀርም። የኔታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደመላሽን ክፉ ሲጠረጥሩት እንደኖሩ ለራሳቸው ተናዘዙ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሰንበት ተማሪዎች ከበሮ ይዘው፣ መጋዝና ማጭድ ይዘው፣ በመዝሙር መንገዱን ሞልተው መጡ። በደመላሽ በረንዳ ላይ ስለ አረንጓዴ ከተማ ሊወያዩ የተሰበሰቡ የዞን እንግዶች ሻይ ዕረፍት ላይ ነበሩ። የኔታ ከፊት ሆነው መስቀላቸውን አውጥተው በሆቴሉ በር ላይ ምርቃት አወረዱ፦ እንደ ዘንባባ ለምልም፣ ዘርህ ይባረክ፣ ደጅህ አይዘጋ። ደመላሽ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

«የኔታ፣ ምን ተገኘ?»

«የሰጠኸንን ልንቀበል መጣን፣ ልጄ።»

«እኔ ምንም አልሰጠሁም።»

የኔታ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? እንዲህ እንደሚል ተነግሮናል።»

እልልታው ቀለጠ። ደመላሽ አሁንም አልሰጠሁም አለ፤ እልልታው ጨመረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲል የዞኑ እንግዶች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ፤ አንደኛው ይህንን ተሞክሮ መቀመር አለብን ብሎ ማስታወሻ ያዘ። አራተኛ ጊዜ ለማለት አፉን ከፍቶ ሳለ ዓይኑ ከግንቡ ማዶ ላይ ወደቀ። ቲቸር የብርጓል በደጇ ቆማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቷ ያልተጠበቀ ረጅም እልልታ ታቀልጥ ነበር። ደመላሽ አፉን ዘጋ። በአምስተኛ ክፍል ያልገባው ሁሉ ያን ጊዜ ገባው።

እስከ ቀትር ስምንቱም ማራገቢያዎች ጉቶ ሆኑ። ቲቸር የብርጓል የአጎበሯን ቋጠሮ ፈትታ፣ ራሷን አስገብታ፣ ከዛፏ ሥር ከበቀለው ቡቃያ ግማሽ የደረቀች አንዲት ቅጠል ቆረጠች። ቁስሉን በእበት መረገችው። ከዚያ አጎበሩን መልሳ ቋጠረችው። ስለቷን በእጇ ይዛ ወደ ደብሩ ስትሄድ ድረስ ደወለ፤ ጉንፋኑ ለቆታል።

በማግስቱ ሆሳዕና፣ ደብሩ እንዲያ ያለ ዘንባባ አይቶ አያውቅም። በየዓመቱ ሰው ቅጠሉን እየሰነጠቀ ቀለበት ይሠራበት፣ በራሱ ላይ ያስርበት ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሰው ሁሉ ፀሐይ የሚከልል ማራገቢያ ያዘ። ልጆች በቀዳዳዎቹ ፀሐይን አዩ። ባልቴቶች በመስመር የተበሳሳውን እየዳሰሱ ይህስ የመላእክት ጥልፍ ነው ተባባሉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጥልፉን የጠለፈው ማን እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም «ሆሳዕና በአርያም» ሲባል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች። በልቧ፣ ትሉ ከነዛፉ ተቆርጦ ለእግዚአብሔር ቀረበ፣ አበቃ አለች።

ሊሰናበቱ ሲሉ የኔታ ጠሯት። ሃያ ሦስት ዓመት ላገለገለች ብለው ያስቀመጡትን፣ ከስምንቱ ትልቁ ላይ ከነአንጓው የተገነጠለውን፣ የክንድ ውፍረት ያለውን ማራገቢያ ባርከው አሳቀፏት። ሰው እያያት ነበር። ሳመችው፤ ተሸክማው ወደ ቤቷ ሄደች።

የሆሳዕና ዘንባባ አይጣልም። አይቃጠልም። ቤት ውስጥ በክብር ይቀመጣል እንጂ። ፈትሹት የሚል ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም፤ የተባረከ ነገር ሲፈተሽም አልታየም። ቲቸር የብርጓል ከቤት ግድግዳ ይልቅ ሌላ ቦታ አሰበችለት። ዘንድሮ በአንዲት ደረቅ ቅጠል ያሳፈረቻት ዛፏ ናት፤ በረከቱም ለእሷ ይገባል። የአጎበሩን ቋጠሮ ፈታች፣ ማራገቢያውን ከነአንጓው ከግንዱ ጋር አስደግፋ አቆመችው፣ ከላይ አለበሰችው፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ሥራዋ አስደሰታት። ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት ዐረፍተ ነገር በደብተሩ ውስጥ፣ ደብተሩ በመሳቢያው ውስጥ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። ዳግም ትንሣኤ አለፈ። ሕሊና ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ደመላሽ ጉቶዎቹን ከማሰሮ ማስነቀል ጀመረ፤ በግንቡ ማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንድ ቀን ድምፁ ድንገት ቆሞ ከዚያ በእልህ ፈጥኖ ቀጠለ። ቲቸር የብርጓል ልብ አላለችውም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጣ ቀና ብትል፣ ነጩ አጎበር ውስጥ ፍም በርቶ ጠፋ።

ተነሣች። ቀረበች። የእሳት እራቷ ከአጎበሩ ውስጥ ነበረች። ከውጭ ሆና መግቢያ የምትፈልግ መስሏት መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። በመረቡ ላይ እየተጋጨች ወደ ላይ ወጣች፤ ወደ ዘንባባዋ ራስ። ቲቸር የብርጓል ቁልቁል ወደ ማራገቢያው አየች። ከአንጓው ሥር የተቀደደ ባዶ ጋቢ ተንጠልጥሏል፤ ከቃጫ የተሠራ፣ የጣት ያህል። እራት እንዳትገባ የሰፋችው ስድስት አጎበር፣ አሁን እራት እንዳትወጣ ይጠብቅ ነበር። መረቡን ነክታ እንኳ አልሞተችም፤ መድኃኒቱ በኦሞ ሄዷል።

«ቲቸር።»

ድምፁ ከግንቡ በላይ ነበር። ደመላሽ በብረት መሰላሉ ላይ ቆሞ ማስታወቂያውን ቀለም ሲቀባ፣ ቡሩሹ አየር ላይ ቀርቶ ነበር።

«ሁለት ናቸው። አንዷ ከበስተጀርባ ናት፤ ለእርስዎ አትታይም።»

አራት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ነበር። ለሌላ ቀን አቆየችው። ከማድ ቤቱ ጣሪያ መረብ መወርወር ይቻላል፤ ከዘንባባ ልብ ውስጥ እጅ መስደድ ግን አይቻልም።

«መሰላሉን አቀብለኝ» አለችው።

ደመላሽ ቡሩሹን በጣሳው አፍ ላይ ቀስ ብሎ ጠረገ። ጉቶዎቹን ሰንጥቄያቸዋለሁ አለ፤ ስምንቱንም። ምን እንዳገኘ አልነገራትም፤ የሳይንስ መምህር አይደሉ? የኔታም ወሬውን ማን እንዳመጣላቸው ሲያመሰግኗት አውርተውለታል። ሰው እየመጣ እጁን ይጨብጠዋል፣ ባለሆቴሉ ጻድቅ ይሉታል፤ ሐውልት ሊያሠሩልኝ ነው አላት፣ በበላኝ ትል።

ቲቸር የብርጓል በጽሑፉ በኩል ያሉትን ቅርንጫፎች ልትቆርጥለት ሐሳብ አቀረበች።

«ይቅርብኝ። ባባ ብለው ለምደውታል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ለየኔታ ይደውሉላቸው። እኔም ልስማ።»

ወደ ዛፏ አየች። የእሳት እራቷ ከአዲሱ ቅጠል ሥር ዐርፋ ነበር። ጭራዋን ወደ ልቡ ማጎንበስ ጀመረች። ይህ እንቅስቃሴ ምን እንደሚባል ለአርባ ሁለት ክፍል ተማሪ አስተምራለች። ብትናገር፣ ለመሪጌታ የዋሸች፣ ትል ለቤተ ክርስቲያን የሰጠች ተብላ በሰፈሩ አፍ ላይ ዕድሜዋን ትጨርሳለች፤ የስለቷም ነገር ከእንግዲህ መሳቂያ ነው። ዝም ብትል ስሟ ይተርፋል፤ ዛፏ በክረምቱ ትሞታለች። ድረስ ባለፈው የደወለው መቼ ነበር?

ስልኳን ከመቀነቷ አወጣችና ድምፁን ከፍታ በማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። የጥሪው መዝሙር አንድ ሙሉ አዝማች ተዘመረ። ደመላሽ ከመሰላሉ ወርዶ ባዶ ማሰሮ ላይ ቆመ፤ በግንቡ አናት ላይ የመሰላሉ እግር ብቅ አለ።

«የኔታ፣ ወለተ ኢየሱስ ነኝ።»

«እንዴት አደርሽ፣ ልጄ።»

«የደመላሽን ዘንባባ እሱ አልሰጠም። ሰጠ ብዬ የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

መሰላሉ ሁለት ርከን ወደ እሷ ወረደ። ደመላሽ የላይኛውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ አገጩን በግንቡ ላይ አስደግፎ ነበር።

«ትል እንዳለበትም አውቅ ነበር።»

መሰላሉ ሌላ ሁለት ርከን ወረደ። የኔታ መልሰው ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ሰው የጣለውን ዕቃ ሲፈልግ እንዲህ ያለ ድምፅ አለው። ከሰንበት ወዲህ፣ አሉ፣ በደብሩ ግቢ ባሉት ለጋ ዘንባባዎች ላይ ክንፉ ፍም የመሰለ ቢራቢሮ እየታየ ነው። ሕዝቡ በረከት ነው ብሎ ከሥሩ ሻማ ያበራል። እሳቸውም ትናንት በስብከት መካከል አንሥተውታል። ከየቤቱም ታየን የሚሉ ብዙ ናቸው።

በግንቡ ላይ የደመላሽ ፈገግታ መሄጃ አጥቶ ቆመ። የመሰላሉ እግር የቲቸር የብርጓልን መሬት ነካ፤ እሱም ለቀቀው። በዛፏ ግንድ ላይ አስደገፈችው፣ የአጎበሩን ገመድ ፈታች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ስልኩ ላይ የኔታ ገና እየተናገሩ ነበር፤ ምን እናድርግ ልጄ፣ ለሕዝቡ ምን ብዬ ልንገረው እያሉ።

የመጀመሪያውን ርከን ስትረግጥ መሰላሉ ወዘወዛት። ግንዱን አቅፋ ቆመች። በስተጀርባዋ የውጭው በር ሲከፈት ሰማች፤ አልዞረችም። ሁለተኛውን ረገጠች፣ ሦስተኛውን፣ አጎበሩን ገልጣ ራሷን አስገባች። ከሥር ቀለም የነካው ሁለት እጅ ብረቱን ሲጨብጥ መወዝወዙ ቀጥ አለ።

«የአጎበሩን አፍ ዝጋው» አለች ቁልቁል ሳታይ። «ሌላ እራት እንዳታስገባብኝ።»